አንዲቷ የአያ ሙጬ እንግሊዝኛ

ይኸውላችሁ፣ ሰው ሁሉ የየራሱ በሽታ አለበት። አንዱ የጎረቤት ወሬ ላይ ጆሮውን ይጥላል፣ አንዱ የሰው ሚስት ላይ ዓይኑን ይጥላል። የእኔ በሽታ ቃል መቆፈር ነው። አንድ ቃል ከሰው አፍ ከወጣ አባቱ ማን ነው፣ አያቱ ማን ነው፣ ከየት አገር ተሰዶ መጣ ካላልኩ ምግብ አይረጋልኝም። በሽታው ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዲያውም እውቀት ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝነቴ ከዚህ ይጀምራል። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ አንድ ደግ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን የምጽፈውም ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ያለ ቆፋሪ ካለ ትንሽ እንዲያርፍ ነው።

በሽታው የያዘኝ ዳባት ነው። ልጅ ሳለሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር፣ የኔታ ዘንድ ቅኔ ልቆጥር ገብቼ ነበር። የኔታ አንድ የግዕዝ ቃል ሲያነሱ "ትርጉሙ ምንድን ነው?" አይሉም፤ "ዘሩ ምንድን ነው?" ነው የሚሉት። ዘሩን ያላወቀ ተማሪ ትርጉሙን ቢያውቅም እንዳላወቀ ይቆጠራል። እኔ ግሱን እንደምንም ከያዝኩ በኋላ ቁንጫውና የመንደሩ ውሻ ሲበዛብኝ ትምህርቱን ጅምር ትቼ ወደ አስኳላ ኮበለልኩ። ቁንጫው ዳባት ቀረ፤ ዘር መቁጠሩ ግን ተከትሎኝ መጣ። ዞሮ ዞሮ ደባርቅ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ሆንኩ። የእንግሊዝኛ ቃል ዘሩ የት ተጽፎ እንደሚገኝ ስለማላውቅ ግን ብዙ ዓመት በሽታዬ ተኝቶልኝ ነበር። የቀሰቀሱብኝ አያ ሙጬ ናቸው፤ እሳቸውም ደግ ሊሠሩልኝ ብለው ነው።

አያ ሙጬ ጎረቤቴ ናቸው። ሥራቸው ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣውን ፈረንጅ ጓዙን በበቅሎ ጭኖ፣ ደከመኝ ያለውንም ኮርቻ ላይ አውጥቶ፣ ከደባርቅ ቡይት ራስ፣ ከዚያም እስከ አምባራስ ማድረስ ነው። ባለበቅሎዎች ተራ አላቸው፤ ተራው የደረሰው ይወጣል፣ ያልደረሰው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ የወጣውን ያማል። አያ ሙጬ ሲወጡ ግን የሚያማቸው አልነበረም። ፊደል አልቆጠሩም። እንግሊዝኛቸውም አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "ናይስ"። ከማን እንደሰሟት እሳቸውም አያስታውሱም። ፀሐይ ከገደሉ ማዶ ብቅ ስትል ናይስ ይላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ስታልፍ ናይስ። ጉም መጥቶ አገሩን ሁሉ ሲሸፍነው፣ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ የገዛ ጫማውን እንኳ ማየት ሲያቅተው፣ አያ ሙጬ ወደ ነጩ ጉም በእጃቸው እያሳዩ ናይስ ይላሉ። እንግዳው ይስቃል፣ ንዴቱም ይበርዳል። አንዴ አንዲት ሴት ከበቅሎ ወድቃ ጭቃው ላይ ዘጭ ስትል ሌላው ደንግጦ ይሯሯጣል፤ እሳቸው ቀና አድርገው ጭቃዋን እየጠረጉላት "ናይስ" አሏት አሉ። ልታለቅስ የነበረችው ሴትዮ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አስጎብኚዎቹ ይቀኑባቸው ነበር። እነሱ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ዋልያው፣ ስለ ተራራው አፈጣጠር ሲለፈልፉ ይከርሙና፣ መሰነባበቻው ሲደርስ እንግዳው ሁሉ የሚሰለፈው አያ ሙጬ ፊት ነው። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ "ናይስ፣ ናይስ" እያለ ይለያቸዋል። ያን ቀን ወደ ቤት ሲገቡ ከሩቅ ያስታውቁ ነበር።

"መምህር፣ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?" ይሉኛል ከአጥሩ ማዶ።

"ምን አሉዎት አያ ሙጬ?"

"ናይስ!"

ይህችን ንግግር ስንት ጊዜ እንደተነጋገርናት እንጃ። አንድም ቀን አልሰለቸቻቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔንም አልሰለቸችኝም ነበር።

እና አንድ ቀን አንድ እንግዳ አምባራስ ላይ ሻንጣው ሲከብደው ወፍራም መጽሐፍ ጥሎ ሄደ። አያ ሙጬ አነሱት። በቅሎዋ ላይ ቢጭኑት ዝናብ ይነካዋል ብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በብብታቸው ይዘውት ወረዱ። "የእንግሊዝኛ ነው፤ ላንተ ይሆናል ብዬ" ብለው ሰጡኝ። ገለጥኩት። የእንግሊዝኛ ቃላት የዘር ሐረግ ነው፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። የሰማይ ደጅ የተከፈተልኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላማ ቤታችን መኖር አስቸጋሪ ሆነ። የመኝታ ቤታችን መስኮት ተሰብሮ የደባርቅ ብርድ ይገባል፤ ባለቤቴ የሺ "ኧረ አንተ ሰው፣ ይህን መስኮት አስጠግን" ትለኛለች። እኔ የእንግሊዞቹ መስኮት ጥንት "የነፋስ ዓይን" ማለት እንደነበረ አስረዳታለሁ። "እኔ እያሳለኝ ነው" ትላለች። የነፋስ ዓይን የሚለው ከነማን አገር እንደመጣ እቀጥልላታለሁ። በመጨረሻ ራሷ ማዳበሪያ ከረጢት ወጠረችበት። ትምህርት ቤት ደግሞ የስፖርት መምህሩ ጡንቻውን ሲያሳይ ደርሼ፣ ጡንቻ የሚለው እንግሊዝኛ ዘሩ "ትንሿ አይጥ" እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል። ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው፤ ብርዱን ብርድ ልብስ ያስታግሰዋል፣ የስፖርት መምህሩም አንድ ቀን ይረሳዋል።

ናይስ ላይ የደረስኩት ኅዳር ውስጥ ነው። አነበብኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቃሏ የተወለደችው ላቲን አገር ሲሆን ዘሯ "የማያውቅ" ማለት ነው። ከዚያ ፈረንሳዮች ዘንድ ተሻግራ "ቂል" ሆነች። እንግሊዝ አገር ስትገባም ብዙ ዘመን "ቂል፣ ጅል" እየተባለ ሲሰደብባት ኖረ። ቀስ በቀስ ትርጉሟ እየተንሸራተተ "ጥንቃቄ የሚያበዛ" ሆነ፣ "ረቂቅ" ሆነ፣ በመጨረሻም ዛሬ ሁሉም እንደሚያውቀው "ደስ የሚል፣ መልካም" ሆነና አረፈ። ከአንድ ገጽ ሩብ አይሞላም የተጻፈው። እየሮጥኩ ለየሺ ነገርኳት።

ወጥ እያማሰለች ሰማችኝና፣ "ለአያ ሙጬ እንዳትነግራቸው" አለችኝ።

"ለምን?"

"ምን ይረባቸዋል?"

"እውቀት ነዋ፣ የሺ።"

"እሺ፤ አንተ እወቀው። እሳቸው ይቅርባቸው።"

ሚስቴን ያልሰማሁባቸውን ቀናት ልቁጠር ብል ይህ ወግ አይበቃኝም። ይህ ቀን ግን ከሁሉም ይብሳል።

የሚካኤል ማኅበር አለን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎቱ ይደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል። ያን ወር ተረኛው ጥሩ ጠላ አስጠምቆ ነበር። አያ ሙጬ ቀመስ አደረጉና እንደ ልማዳቸው "ናይስ" አሉ። ቤቱ በሙሉ ፈገግ አለ። እኔ ግን ምላሴን በላኝ። የሺ ከሴቶቹ መካከል ሆና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

"አያ ሙጬ፣ ያቺ ቃልዎ ዘሯ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"አላውቅም። ንገረኛ።"

ነገርኳቸው። ከላቲን ጀመርኩ፣ በፈረንሳይ አለፍኩ፣ እንግሊዝ አገር ገባሁ። "ቂል" ስል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። "ጅል" ስል ሁሉም ተከተለው። አንዱማ ተነስቶ፣ "በሉ አያ ሙጬ፣ ያን ሁሉ ፈረንጅ ጅል ጅል ሲሉት ከርመዋላ" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የቃሏ ታሪክ መጨረሻ ገና ነበር፤ ዛሬ መልካም ማለት እንደሆነ አልተናገርኩም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንደዚያ ተስቆልኝ አያውቅም። ክፍል ውስጥ አርባ ደቂቃ ሙሉ ቀልጄ አንድ ተማሪ ጥርሱን አያሳየኝም። ሳቁ ጣመኝ፣ ተውኩት። ይህንን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

አያ ሙጬም መጀመሪያ አብረው ሳቁ። ኋላ ሳቃቸው ቀዘቀዘ።

"ተጽፏል?" አሉኝ።

"ተጽፏል። እርስዎ ባመጡልኝ መጽሐፍ ነው ያነበብኩት።"

ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። እንግዲህ እንደ እኛ አገር ሰው "ተጽፏል" የሚለው ቃል የሚያስደነግጠው የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለተጻፈ ነገር ያለውን ክብር እኔ ፊደል የቆጠርኩት የለኝም። ዳግመኛ አልጠጡም። ምርቃቱ እንዳለቀ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

በሳምንቱ ተራቸው ደርሶ አራት እንግዳ ይዘው ወጡ። አስጎብኚው ኋላ እንደነገረኝ ደርሰው እስኪመለሱ ከአፋቸው ቃል አልወጣም። ፀሐይ ወጣች፣ ዝም። ጭላዳው መንጋ በሙሉ መጥቶ ፊታቸው ሣር ነጨ፣ ዝም። እንግዶቹ "ሰውየው አሞታል ወይ?" ብለው ጠየቁ። እንደ እኔ ያለ ተረበኛ ባለበቅሎ ደግሞ ተራ መጠበቂያው ላይ "አያ ጅሉ መጡ" ማለት ጀምሯል።

ደነገጥኩ። መጽሐፉን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በቅሎዋን እያሹ አገኘኋቸው።

"አያ ሙጬ፣ ያን ቀን ነገሩን አልጨረስኩልዎትም። ቃሏ ድሮ ነው እንዲያ የነበረችው። ዛሬ ጥሩ፣ መልካም ማለት ናት። እርስዎ ማንንም አልሰደቡም።"

በቅሎዋን ማሸታቸውን አልተዉም። "አዝነህልኝ ነው" አሉኝ።

"አይደለም፣ ይኸው ተጽፏል።"

"ያም ተጽፏል፣ ይህም ተጽፏል?"

"አዎ።"

"ለሰዉ ሁሉ ያን ነገርከው። ለእኔ ለብቻዬ ይህን ይዘህ መጣህ።" ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ በተሻለ ነበር። "ልጄ፣ አንተ የቅኔ ቤት ሰው ነህ። ዘሯ ምንድን ነው?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ለመዋሸት ደግሞ አዲስ አይደለሁም። እዚያ ላይ ግን የመምህርነት ክብሬ ታየኝ መሰለኝ፣ "ዘሯማ የማያውቅ፣ ጅል ናት" አልኩ።

"እንግዲያው ሃያ ምናምን ዓመት እንግዳ ሰድቤያለሁ። አገሬን ብሎ የመጣን ሰው፣ ያመነኝን ሰው። እነሱም ስንሰነባበት መልሰው ይሉኝ ነበር፤ እኔ ምርቃት መስሎኝ እየተንቀለቀልኩ ቤቴ እገባለሁ።" በቅሎዋን ትተው ተቀመጡ። "ንስሐ ልግባ ብዬ ዳባት ወርጄ ነበር። ያንተው የኔታ፣ የንስሐ አባቴ፣ 'ሙጬ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም፣ ሂድ' ብለው መለሱኝ። እኔ ግን ሆዴ እንቢ አለ። ከሰደብኳቸው አንዱ እንኳ ተመልሶ መጥቶ ይቅር ቢለኝ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ካልሆነ በቅሎዋን ለጃናሞራው ወንድሜ ሰጥቼ እርሻዬን እይዛለሁ። ሰው ፊት የምቆምበት ዓይን የለኝም።"

መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ አዲስ እንግዳ መምጣቱ እንኳ ብርቅ በሆነበት ጊዜ፣ የድሮው ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እና እኔም በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ወረድኩ። የኔታ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ግን ለዩት። አያ ሙጬን እንዲያሳምኑልኝ ለመንኳቸው።

"የሰው ንስሐ ከእኔ አትሰማም" አሉ። "ያንተን ንገረኝ።"

ነገርኳቸው፤ ሳቁ እንደጣመኝ ሳይቀር። "ግሱን ይዘህ ነው የኮበለልከው፣ አይደለም?" አሉ።

"አዎ የኔታ።"

"ከግሱ ቀጥሎ ምን ነበር?"

"አገባብ።"

"እህ። ቃል በሰው አፍ እንዴት እንደሚኖር የሚማሩት እዚያ ነው። አንተ ዘር ቆጥረህ፣ አገባቡን ሳትማር ሄድክ። ይህን ለሙጬ ብነግረው የሚሰማኝ ይመስልሃል? እሱ ያመነው አንተን ነው። የፈረሰውን የሚሠራው ያው ያፈረሰው ነው፤ እኔ አልችልልህም።"

ስመለስ መንገዱን በሙሉ ራሴን ስረግም መጣሁ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነን ከረምን። ከአጥሩ ማዶ "መምህር፣ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?" የሚለኝ ጠፋ። በጠዋት ስንተያይ "እንዴት አደርክ" እንባባላለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ሥራ እንዳለው ሰው እንቸኩላለን። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ደወለልኝ።

"መምህር፣ ቶሎ ቡይት ራስ ድረስ። አያ ሙጬ ድንጋይ ተሸክመው ፈረንጆች ፊት ቆመዋል። የእኔ እንግሊዝኛ እዚህ ድረስ አይሄድም።"

ወደ ላይ የሚወጣ አይሱዙ ላይ ተንጠላጥዬ ደረስኩ። ነገሩ ለካስ እንዲህ ነው። በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት፣ ከብዙ ዓመት በፊት መጥተው የነበሩ፣ የአያ ሙጬን ፎቶ በስልካቸው ይዘው "ይህ ሰው በሕይወት አለ ወይ?" እያሉ ተመልሰው መጥተዋል። ለአያ ሙጬ ሲነገራቸው በቅሎዋን እየሳቡ ወጡ፣ ከመንገድ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው አነሱና አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ባልና ሚስቱ ፊት ቆሙ። የበደለ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው፤ የተበደለው ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪል ድንጋዩ አይወርድም።

ፈረንጆቹ ይህን በምን ይወቁት። ባልየው ስጦታ መስሎት አመስግኖ ሊቀበላቸው ድንጋዩን ያዘ። አያ ሙጬ አልለቅም አሉ። እሱ ይስባል፣ እሳቸው ይስባሉ። ሌሎች እንግዶች የአገሩ ጨዋታ መስሏቸው ከበው ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ጎረምሳ ፈረንጅማ የራሱን ድንጋይ ፈልጎ ተሸክሞ ከጎናቸው ቆሟል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን እያወራሁ ዓመት እስቅ ነበር።

አስተርጓሚ ሆንኩ። "ይህ ሰው ያኔ አስቀይሜያችኋለሁ ብሎ ያምናል፤ ይቅርታ እየጠየቀ ነው" አልኳቸው።

"ምን አደረገን? ከእሱ የተሻለ ሰው በዚያ ጉዞ አላየንም" አለች ሴትዮዋ።

ምን እንዳደረጉ ልንገራት ብል ማን እንዳደረገው መንገር ሊኖርብኝ ነው። "ረጅም ታሪክ ነው" ብዬ ሸሸሁ። "ብቻ እኔ የምላችሁን በሉ።" ቃሉን አስጠናኋቸው። እየተንተባተቡ፣ አንዱ አንዱን እያረመ፣ "ይከር ለዛቤር" አሉ። እኔ ካስተማርኳቸው ተማሪዎች ሁሉ እንደ እነሱ የተጋ አላየሁም።

አያ ሙጬ ድንጋዩን አወረዱ። ጎንበስ ብለው መሬቱን ሳሙ። ቀና ሲሉ ከዚያች ከሚካኤል ቀን ወዲህ ያላየሁት ፊታቸው ተመልሶ ነበር። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ በቅሎዋን ዞር ብለው አዩ፣ ኮርቻዋን ነካ ነካ አደረጉ። ተገላገልኩ አልኩ በሆዴ። ነገ ከአጥሩ ማዶ የሚጠሩኝ መሰለኝ።

ሴትዮዋም ያለቀሰ ሰው አይታ ዝም አልቻለችም። ቀረብ ብላ ሁለት እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከልቧ፣ ረጅም ነገር ተናገረች። ያን ሁሉ ዓመት እንዳልረሳቻቸው፣ ለልጆቿ ስለ እሳቸው እንዳወራች። አያ ሙጬ ከዚያ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም እያጠበቀች ሁለት ጊዜ አለቻቸው። ናይስ። ናይስ።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አወጡ። ወደ እኔ አዩ። መልካም ማለቷ ነው እንዳልል ያን ብዬ አላመኑኝም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ልክ የተናገረችውን እንደሚቀበል ሰው።

"ይገባኛል" አሏት በአማርኛ።

ጎንበስ ብለው ድንጋዩን እንደገና አንስተው አንገታቸው ላይ አደረጉ። የበቅሎዋን ልጓም ለአስጎብኚው አቀበሉና ቁልቁል ወደ ደባርቅ መንገዱን ያዙት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

"ምን ነበር ያለኝ?" አለችኝ። "ትርጉሙ ምንድን ነው?"

በዕድሜዬ የቃል ትርጉም ተጠይቄ "አላውቅም" ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን "አላውቅም" አልኳት።